ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ

ተማሪዎች ሆይ፤ ከዚህ በታች የቀረበው ከሕፃንነቱ እስከ ጉርምስናው ኀዘን የተፈራረቀበት የአንድ ኢትዮጵያዊ የሕይወት ታሪክ ነው። ስታነቡ የደረሰበትን መከራ ብቻ ሳይሆን፣ በጭንቀቱ ጊዜ ማን አጠገቡ እንደ ነበረም ልብ በሉ።

ዓለማየሁ ከዐፄ ቴዎድሮስና ከእቴጌ ጥሩወርቅ በ1853 ዓ.ም. ተወለደ። ሰባት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ በእንግሊዝ ጦር ተያዘች፤ አባቱም በዚያው ዕለት ሞቱ። ከአንድ ወር በኋላ እናቱ ከጦሩ ጋር ወደ ባሕር ጠረፍ ሲጓዙ በመንገድ ላይ ታመው ዐረፉ። ሕፃኑ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ።

በዚያም አማርኛ የሚያውቅ ሻምበል ስፒዲ የተባለ መኮንን ያሳድገው ጀመር፤ ልጁም እጅግ ተላመደው። ይሁን እንጂ መንግሥት ለትምህርቱ ይበጃል በማለት ከስፒዲ ለይቶ በቼልተንሃም ለሚኖር ርእሰ መምህር ሰጠው። ቀጥሎም በራግቢ፣ ከዚያም በሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ገባ። ትምህርቱ ስላልሠመረለት ወደ ሊድስ ከተማ ሄደ። በዚያም በሳንባ ሕመም ተይዞ ኅዳር 1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ሞተ፤ በዊንድዘርም ተቀበረ።

ኀዘን ገደለው ለማለት አይቻልም። ነገር ግን ጭንቀት በሰውነት ላይ የሚያደርሰውን ዛሬ እናውቃለን። ሰው ሲደነግጥ ወይም ሲናደድ ከኩላሊቶቹ በላይ ያሉት ሁለት ዕጢዎች አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉ ሆርሞኖችን ወደ ደም ይለቃሉ። ልብ በኃይል ይመታል፤ ትንፋሽ ይፈጥናል፤ ጡንቻ ይወጠራል። ይህ ለጊዜው ከአደጋ ለማምለጥ ይረዳል፤ ለወራት ሲቀጥል ግን እንቅልፍ ይነሣል፤ የማስታወስ ችሎታንም ያዳክማል። በጉርምስና ጊዜ ደግሞ ስሜትን የሚገታው የአንጎል ክፍል ገና ስላልበሰለ፣ ወጣት ብቻውን ራሱን ማረጋጋት ይከብደዋል። የሚያምነው ሰው አጠገቡ ሲኖር ግን ሰውነቱ ቶሎ ይረጋጋል። ዓለማየሁ ደጋግሞ ያጣው ይህን ነበር።

ከእናንተም መካከል ከገጠር መጥቶ፣ በመንጌ ከተማ ቤት ተከራይቶ፣ ከወላጆቹ ርቆ የሚማር ይኖራል። ፈተና ሲቃረብ ወይም ከጓደኛ ጋር ስትጣሉ እጃችሁ ቢንቀጠቀጥ ፈሪ ነኝ አትበሉ፤ ሰውነታችሁ የተለመደ ሥራውን እየሠራ ነው። ከመናገራችሁ በፊት በዝግታ ተንፍሱ፤ በእግር ተጓዙ ወይም ኳስ ተጫወቱ፤ እንቅልፋችሁን አታጓድሉ። ጭንቀቱ አልለቅ ካላችሁ ለወላጅ፣ ለመምህር ወይም ለምታምኑት ታላቅ ሰው ንገሩ። ዓለማየሁ በባዕድ አገር የእናቱን ቋንቋ እንኳ ረስቶ ነበር። እናንተ ግን በርታኛም ይሁን አማርኛ፣ የልባችሁን የምታስረዱበት ቋንቋ ከነሰሚው በአጠገባችሁ አለ።