ቪልሄልም ሺምፐር፣ መቅደላና ውርጭ የሚችሉ ውኃ አዘል ዕፅዋት

ከሐይቅ ከተማ ተነሥቶ ወደ አምባሰል የሚወጣ ተመራማሪ በአጭር ርቀት ውስጥ የተለያየ የአየር ጠባይ ያቋርጣል። የሐይቁ ወለል ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ግሸን ማርያም የተቀመጠችበት አምባ ደግሞ ወደ 3,000 ሜትር ይደርሳል። በታችኛው እርከን ቁልቋል አጥር ሆኖ ይታያል፤ ከፍ ሲባል ደግሞ ሬት፣ እንዳሁላና ሌሎች በቅጠላቸው ውኃ የሚያጠራቅሙ ዕፅዋት አፈር በሌለበት ዓለት ላይ ሥር ሰድደው ይገኛሉ። እነዚህን ዕፅዋት በሳይንሳዊ ስማቸው ለመለየት የሚነሣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያገኘው የአንድ ጀርመናዊ ስም ነው። እሱም ጌዎርግ ቪልሄልም ሺምፐር ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ የሺምፐርን ሕይወት ከእነዚሁ ዕፅዋት አንጻር ይመለከታል። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ሺምፐር በ1804 በባቫሪያ፣ በኑርንበርግ አቅራቢያ ተወለደ። ቤተሰቡ በዕፅዋት ጥናት የታወቀ ነበር። ወንድሙ ካርል ፍሪድሪኽ የቅጠሎችን አደራደር ሥርዓት ያጠና ሲሆን፣ የአጎቱ ልጅ ቪልሄልም ፊሊፕ ደግሞ በሽበት ዕፅዋት ጥናት ስም ያተረፈ ነው። ቪልሄልም ግን ከቤተ መጻሕፍት ይልቅ ለመንገድ የተፈጠረ ሰው ነበር። በወታደርነት ጥቂት ዓመታት ካገለገለ በኋላ ወደ አልጄሪያ፣ ከዚያም ወደ ግብፅ፣ ወደ ሲናና ወደ ሒጃዝ ተጓዘ። በ1837 ዓድዋ ደረሰ። ከዚያ በኋላ እስከ ዕለተ ሞቱ ኢትዮጵያን አልለቀቀም።

የመጣው በራሱ ገንዘብ አልነበረም። በኤስሊንገን ከተማ ሆኽሽቴተርና ሽቶይድል የተባሉ ሁለት የዕፅዋት ሊቃውንት በ1825 ያቋቋሙት የጉዞ ማኅበር ነበር። አባላቱ አስቀድመው መዋጮ ይከፍላሉ፤ ተጓዡ የሰበሰበው ደረቅ ዕፅዋት ሲደርስ ደግሞ በድርሻቸው ይከፋፈላሉ። ስለዚህም ሺምፐር አንድን ዕፅ ሲያገኝ አንድ ቅጠል ቀጥፎ አያልፍም ነበር፤ ለብዙ ገዢዎች የሚዳረስ ብዙ ቅጂ መሰብሰብ ነበረበት። ብዙዎች ሺምፐርን ለእውቀት ብቻ የተሰማራ ብሕትው ሊቅ አድርገው ይሥሉታል። በእኔ አስተያየት ይህ ሥዕል ትክክል አይደለም። የሥራው መጠንና አኳኋን በገበያው የተወሰነ ነበር፤ ለዛሬ ተመራማሪ የጠቀመውም፣ ወደ ኋላ እንደምናየው፣ ይኸው የገበያው ጠባይ ነው።

ውኃ አዘል ዕፅዋት ለእንዲህ ያለው ሰብሳቢ እጅግ አስቸጋሪ ናቸው። ተራ ሣር ወይም ቍጥቋጦ በወረቀት መካከል ተጭኖ በጥቂት ቀናት ይደርቃል። እንዳሁላ ግን ተቈርጦ በመጭመቂያው ውስጥ ሳለ ለሳምንታት ሕያው ሆኖ ይቆያል፤ አንዳንዴም ወረቀቱ መካከል እንዳለ ሥር ያወጣል፤ በመጨረሻም ቅጠሉ ከግንዱ ተለይቶ ይረግፋል። ሰብሳቢዎች ይህን ለመከላከል ዕፁን በፈላ ውኃ ወይም በአልኮል ይገድሉታል። የሬትም ችግር ተመሳሳይ ነው፤ በርከት ያሉ የኢትዮጵያ የሬት ዝርያዎች ስም ያገኙት በሃያኛው ምዕት ዓመት መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም። በደብረ ብርሃን ስም የተጠራችው አሎዬ ደብራና የተገለጠችው በ1947 ነው። በገደል ላይ የምትንጠለጠለው አሎዬ ፑልኬሪማ ደግሞ እስከ 1997 ድረስ ስም አልነበራትም፤ ስሟን ያገኘችው ከጊልበርትና ከፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ነው።

ይህ ሁሉ ሳለ ሺምፐር ከውኃ አዘሎቹ ጥቂት የማይባሉትን ወደ አውሮፓ አድርሷል። በቅዱስ ፒተርስበርግ የዕፅዋት ቦታ ይሠሩ የነበሩት ፊሸርና ማየር በ1841 አንዲቱን ክራሱላ ሺምፐሪ ብለው ሰየሟት። በፓሪስ አሺል ሪሻር ከ1847 ጀምሮ ባሳተመው የሐበሻ ዕፅዋት መጽሐፍ ውስጥ ደግሞ ሦስት የእንዳሁላ ወገኖች በሦስት ሰዎች ስም ተጠሩ፤ ካላንኮዬ ሺምፐሪያና፣ ካላንኮዬ ኳርቲኒያናና ካላንኮዬ ፔቲቲያና። ሁለተኛይቱና ሦስተኛይቱ በሁለት ፈረንሳውያን ሐኪሞች፣ በካርተን ዲዮንና በፔቲ ስም የተጠሩ ናቸው። ካርተን ዲዮን በ1840 በበረሃ ንዳድ ሞተ፤ ፔቲንም በ1843 ዓባይን ሲሻገር አዞ ወሰደው። መጽሐፉ ሲታተም ከሦስቱ በሕይወት የነበረው ሺምፐር ብቻ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ትኵረት የሚሻው ግን ዛሬ ኤዮኒየም ሌውኮብሌፋሩም የምትባለው ናት። ቅጠሎቿ በክብ ተደራርበው አበባ ይመስላሉ፤ ዳርቻቸው በነጭ ጠጕር የተከፈፈ ስለሆነ ስሟ ነጭ ሽፋሽፍት ያላት ማለት ነው። አበባዋ ቢጫ ነው። ሆኽሽቴተር የደረቀውን ናሙና ባየ ጊዜ በአልፕስ ተራሮች ከሚበቅለው ከሴምፐርቪቩም ወገን ቈጥሮ፣ ባለ ወርቅ አበባ በሚል ሰየማት። የካናሪ ደሴቶችን ዕፅዋት ያጠናው እንግሊዛዊው ዌብ ግን ዝምድናዋ ከእነዚያ ደሴቶች ዕፅዋት ጋር መሆኑን ተረዳ። የኤዮኒየም ወገን ዝርያዎች አብዛኞቹ በካናሪ ደሴቶች ሲገኙ፣ ይህች ግን ከመላው ሰሃራ ወዲህ በኢትዮጵያ፣ በየመንና በምሥራቅ አፍሪካ ተራሮች ትበቅላለች።

የስሙ ልዩነት ለአትክልተኛ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው። የአልፕሱ ሴምፐርቪቩም ክረምቱን ሁሉ በበረዶ ተቀብሮ ይከርማል። ስሙን አምኖ የሐበሻይቱን ዕፅ በአውሮፓ ደጅ የሚተዋት ሰው ግን በጸደይ የበሰበሰ ግንድ ያገኛል። ሁለቱም ብርድ ለምደዋል፤ የለመዱት ብርድ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ ውርጭና አመዳይ የሚበረታው ሰማይ በሚጠራበት ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። ያን ጊዜ አፈሩ ደርቋል፤ ዕፁም በውስጡ የያዘውን ውኃ ቀንሷል። ሌሊት የወረደው ብርድ ፀሐይ ስትወጣ ይለቃል። ዝናቡ በሚበዛበት በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ደመናው ሙቀቱን ስለሚይዝ ውርጭ ብርቅ ነው። ስለዚህ የእኛ አገር ደገኛ ውኃ አዘል ዕፅ ብርድን ከርጥበት ጋር አንድ ላይ አያውቀውም፤ የአውሮፓ ክረምት ግን ሁለቱንም ያመጣበታል።

ምክንያቱ በሕዋሱ ውስጥ ይገኛል። ውርጭ ሲወድቅ በረዶው አስቀድሞ የሚፈጠረው በሕዋሳት መካከል ባለው ክፍተት ነው፤ ከዚያም ውኃን ከሕዋሱ ወደ ውጭ ይስባል። አስቀድሞ ውኃውን የቀነሰና ስኳር ያጠራቀመ ሕዋስ ይህን ይታገሣል። ውኃ የጠገበ ሕዋስ ግን በረዶው በውስጡ ሊፈጠርበት ስለሚችል ይፈነዳል። ከዚህም የተነሣ ደጋ ላይ እነዚህን ዕፅዋት የሚያለማ ሰው ከመስቀል በኋላ ውኃ ማጠጣቱን እየቀነሰ መሄድ፣ መደቡንም ከአፈር ይልቅ ከጠጠር ማብዛት ይኖርበታል። ቀን ሙቀት ይዞ ሌሊት የሚለቅ የድንጋይ ካብ ሥር ወይም ውኃ በማይቋጥር ተዳፋት ላይ መትከልም ይረዳል። ቅርንጫፍ ቈርጦ ለማባዛት ደግሞ የተቈረጠው ቦታ ጥላ ውስጥ ለቀናት እስኪጠግግ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ እርጥቡን የተከለ ብዙውን ጊዜ ያበሰብሰዋል።

ወደ ሰውየው እንመለስ። የሰሜኑ ገዢ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ሺምፐርን ወደዱት፤ የእንትጮን አውራጃም ሰጡት። በ1843 የካቶሊክ ሃይማኖትን ተቀበለ፤ ኢትዮጵያዊት አግብቶም ልጆች ወለደ። ለውቤ በሰሜን ተራሮች የደረስጌ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን ያሠራው እሱ ነው። የታሪክ ነገር ሆነና በ1855 ዐፄ ቴዎድሮስ ደጃዝማች ውቤን ድል አድርገው የነገሡት በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ነው። ሺምፐር ደጋፊውንም ሹመቱንም አጣ። ድንችን ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው እሱ እንደ ሆነ የሚነገረው ከዚህ በኋላ፣ በ1858 አካባቢ ነው። ዛሬ በወሎ ደጋ ድንች የማይተከልበት ቀበሌ ማግኘት ያስቸግራል፤ ሆኖም ከእንዳሁላ በተቃራኒ የድንች ቅጠል አንድ ሌሊት ውርጭ ቢመታው ጠቍሮ ያድራል።

ከወሎ ጋር ያገናኘው ግን ሳይንስ ሳይሆን እስራት ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተጣሉ ጊዜ በአገሩ ከነበሩት አውሮፓውያን ጋር ሺምፐርም በቁጥጥር ሥር ዋለ። ሚያዝያ 1868 የናፒዬር ጦር ሲደርስ መቅደላ ላይ ከተለቀቁት መካከል ነበር፤ ዕድሜው ስልሳ አራት ለመድፈን ጥቂት ወራት ቀርተውት ነበር። መቅደላ ከአምባሰል በስተ ምዕራብ ያለ አምባ ነው። የነገሥታት ልጆች ይታሰሩበት የነበረው የግሸን አምባም በዚሁ አካባቢ ስለሆነ፣ እነዚህ ገደሎች እስረኛን መያዝ ከጥንት የለመዱ ናቸው ማለት ይቻላል። ነገር ግን ሺምፐር አብዛኛውን ዕድሜውን ያሳለፈው በትግራይ ሲሆን፣ ዋና ዋና ስብስቦቹም ከትግራይ፣ ከሰሜንና ከበጌምድር የተገኙ ናቸው። ወሎን ያየው በነጻነት ሊሰበስብ በማይችልበት ጊዜ ነው። በዚህም ምክንያት የሰሜን ኢትዮጵያ ዕፅዋት ስም በአመዛኙ በትግራይና በሰሜን ናሙናዎች ላይ ተመሠረተ። የአምባሰል ገደል ዕፅ ግን ከሌላ ቦታ በተወሰደ መለኪያ ይመዘናል። ለምሳሌ ከአምባሰል የተገኘ እንዳሁላ የቅጠሉ ጠርዝ ወይም የአበባው ርዝመት ከመግለጫው ጥቂት ቢለይ፣ ልዩነቱ የዝርያ ይሁን የቦታ ለመወሰን ከዚያው ከወሎ የተሰበሰቡ በርካታ ናሙናዎች ያስፈልጋሉ።

ሺምፐር ከተፈታ በኋላ ወደ አውሮፓ መመለስ ይችል ነበር፤ አልተመለሰም። ወደ ዓድዋ ሄዶ በ1878 በዚያው አረፈ። በ1860ዎቹ ያዘጋጃቸው የትግራይ ካርታዎችና ስለ ዕፅዋት የጻፋቸው ማስታወሻዎች ዛሬ በለንደን በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ።

በመጋቢት 1943 በርሊን ላይ በወደቀው ቦምብ የዳህሌም ሄርባሪየም ሲቃጠል እጅግ ብዙ የአፍሪካ ናሙናዎች አመድ ሆኑ። አንድ ቅጂ ብቻ የነበራቸው ዝርያዎች ዋና ናሙናቸው በዚያው ቀረ። የሺምፐር ግን በአመዛኙ ተረፈ፤ የኤስሊንገኑ ማኅበር ለከፋዮች ያከፋፈላቸው ተመሳሳይ ቅጂዎች በፓሪስ፣ በለንደንና በሌሎች ከተሞች ነበሩና። ዛሬ ካላንኮዬ ሺምፐሪያናን ከካላንኮዬ ፔቲቲያና ለመለየት የሚፈልግ ሰው የሚመለከተው እነዚህን ቅጂዎች ነው። የደረቀ ቅጠል ውፍረቱን፣ የደረቀ አበባም ቀለሙን ስለሚያጣ ግን፣ ሁለቱንም ገና በቁሙ ሳለ መዝግቦ ከናሙናው ጋር ማያያዝ የሰብሳቢው ድርሻ ነው።