ኒኮላይ ቫቪሎቭ፤ በሽታ የማይበግረውን ዘር ፍለጋ

በሰብል ጥበቃ ሙያ የተሰማራን ሁሉ ከተማሪነታችን ጀምሮ የኒኮላይ ኢቫኖቪች ቫቪሎቭን ስም ሰምተናል። አብዛኛውን ጊዜ የምናውቀው ግን የሰብሎችን የትውልድ ማዕከላት በሚያሳየው ካርታው ነው። ይህ ሰው ሥራውን የጀመረው በካርታ ሳይሆን በዋግና በሻጋታ እንደ ነበረ፣ ዓለምን እንዲዞር ያነሣሣውም አንዱ ስንዴ ሲታመም ጎረቤቱ ስለምን ጤናማ ሆኖ እንደሚቀር የማወቅ ፍላጎት እንደ ነበረ የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ በተለይ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ቫቪሎቭ በኖቬምበር 1887 በሞስኮ ተወለደ። አባቱ ከገበሬ ቤተ ሰብ ወጥቶ በጨርቃ ጨርቅ ንግድ የበለጸገ ሰው ነበር። ልጁ አራት ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ በ1891 እና በ1892፣ ሩሲያን ብርቱ ረኀብ መታት። የነጋዴው ቤት ባይራብም፣ የመከር መጥፋት ምን እንደሆነ በዚያ ዘመን ያደገ ሩሲያዊ ሁሉ ያውቅ ነበር። ኒኮላይ ንግዱን ትቶ በሞስኮ የእርሻ ተቋም ገባ፤ የመመረቂያ ጽሑፉም ሰብልን ስለሚያጠፉ ቀንድ አውጣ መሰል ተባዮች ነበር። ከዚያም በሴንት ፒተርስበርግ በሮበርት ሬጌል የተግባራዊ ዕፀዋት ቢሮና የፈንገስ ሊቅ በነበረው በአርተር ያቼቭስኪ ዘንድ ሠራ። ከአንደኛው ዝርያን መለየት፣ ከሌላው በሽታን መለየት ተማረ። የኋለኛው ሥራው በሙሉ የእነዚህ የሁለቱ ጋብቻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ1913 ወደ እንግሊዝ ተላከ። በዚያን ጊዜ የሜንዴል ሕግ እንደገና ከተገኘ ገና አሥራ ሦስት ዓመቱ ነበር። በካምብሪጅ ሮውላንድ ቢፈን የስንዴን ቢጫ ዋግ የመቋቋም ጠባይ በሜንዴል ሕግ መሠረት ከወላጅ ወደ ልጅ እንደሚተላለፍ በ1905 አስታውቆ ነበር። ይህ ግኝት ለእኛ ሙያ ያለውን ክብደት ለመገመት፣ ከዚያ በፊት ገበሬው ዋግን እንደ በረዶና እንደ አንበጣ ከላይ የሚወርድ መቅሠፍት አድርጎ ይመለከተው እንደ ነበር ማስታወስ ይበቃል። ቫቪሎቭ ከቢፈን ዘንድና የዘር ውርስ ጥናት አባት ከሚባለው ከዊልያም ቤትሰን ዘንድ ቆይቶ፣ የዓለም ጦርነት በተነሣበት በ1914 ወደ አገሩ ተመለሰ።

በሞስኮ ማሳ ላይ በመቶ የሚቈጠሩ የስንዴና የአጃ ዓይነቶችን ጎን ለጎን ዘርቶ የትኛው በዋግ፣ የትኛው ቅጠልን እንደ ዱቄት በሚሸፍነው ሻጋታ እንደሚጠቃ መዘገበ። የፋርስ ስንዴ ተብሎ የተሰየመው አንድ ዓይነት በዚህ ሻጋታ ፈጽሞ ሳይነካ ቀረ። በ1919 የታተመው ስለ ዕፀዋት በሽታ መከላከል ኃይል የጻፈው መጽሐፍ ከዚህ ማሳ የወጣ ነው። ዋና ሐሳቡን በአጭሩ ለመግለጽ ያህል፤ ጥገኛው ፈንገስ የሚመገብበት የሰብል ዓይነት በጠበበ መጠን፣ እርሱን የሚቋቋም ዝርያ የማግኘት ተስፋ ይሰፋል፤ የመቋቋም ኃይልም በዘፈቀደ የተበተነ ሳይሆን የዝርያን የዘር ዝምድና ተከትሎ የሚሄድ ነው። 14 ክሮሞሶም ያለው ጥንታዊ ስንዴ ዋግን በአመዛኙ ይቋቋማል፤ 28 ያለው የፓስታ ስንዴ መካከለኛ ነው፤ 42 ያለው የዳቦ ስንዴ ግን በቀላሉ ይጠቃል። ስለዚህም መድኃኒቱን የሚፈልግ ሰው ወደ ጥንታዊዎቹና ወደ ዱር ዘመዶቻቸው መሄድ አለበት።

ከዚህ መጽሐፍ በፊት ግን አንድ የሚያስገርም ጉዞ አለ። በ1916 በሰሜን ፋርስ የሰፈሩ የሩሲያ ወታደሮች የአገሩን እንጀራ በልተው እየሰከሩ ሲወድቁ፣ ምክንያቱን እንዲመረምር የተላከው ቫቪሎቭ ነበር። ስንዴው በእንክርዳድ ተሞልቶ አገኘው። ለእኛ አገር አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ እንክርዳድ የገባበት ጠላ ራስ እንደሚያዞር የማያውቅ ባላገር የለም። ዛሬ እንደሚታወቀው መርዙ የሚመነጨው በዘሩ ውስጥ ተደብቆ ከሚኖር ፈንገስ ነው። ቫቪሎቭ የተላከበትን ጉዳይ ከፈጸመ በኋላ አልተመለሰም፤ የስንዴ ዘር እየሰበሰበ እስከ ፓሚር ተራሮች ዘለቀ። ከዚያ በኋላ ለሃያ አራት ዓመት ያህል ይህን ልማድ አልተወም።

በ1917 በሳራቶቭ መምህር ሆነ፤ በ1920 የተዛማጅ ዝርያዎች ልዩነት በተመሳሳይ ረድፍ እንደሚከሠት የሚገልጸውን ሕጉን አቀረበ። በ1921 የቮልጋ አካባቢ በረኀብ ሲያልቅ እርሱ የቀድሞውን የሬጌልን ቢሮ ለመምራት ወደ ፔትሮግራድ ሄደ። በ1924 አፍጋኒስታንን ዞረ፤ በ1926 ስለ ሰብሎች የትውልድ ማዕከላት የጻፈው ታላቅ ሥራ ታትሞ የሌኒንን ሽልማት አገኘ።

ወደ አገራችን የመጣው በዚሁ ሰሞን ነው። በ1919 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን በ1927) ከጅቡቲ በባቡር ድሬዳዋ ገባ፤ ሐረርጌን ተመልክቶ አዲስ አበባ ደረሰ። በኢትዮጵያና በሶቪየት ኅብረት መካከል ገና የዲፕሎማሲ ግንኙነት አልነበረም፤ ቢሆንም አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ተቀብለው አነጋገሩት፤ ወደ ሰሜን እንዲጓዝም ፈቀዱለት። በበቅሎ ጓዝ ጭኖ ዓባይን ተሻግሮ፣ በጎንደርና በአክሱም አድርጎ አሥመራ ወጣ። በየገበያውና በየአውድማው እየቆመ እሸትና ፍሬ ሰበሰበ።

ያየው ነገር አስደነቀው። በአንድ ማሳ ላይ፣ በአንድ ገበሬ እጅ፣ ቀለማቸውና ጢማቸው የተለያየ ብዙ የስንዴ ዓይነቶች ተደባልቀው ይበቅሉ ነበር፤ ሌላ ዘንድ ያላየውን ወይን ጠጅ መሳይ ፍሬ ያለውን ስንዴ አገኘ። የገብሱም መለያየት እንዲሁ ነበር። ጤፍ፣ ኑግና እንሰት ትውልዳቸው ከዚሁ እንደሆነ አስታወቀ። ኢትዮጵያንም ከዓለም የሰብል ማዕከላት አንዷ አድርጎ መዘገበ።

እዚህ ላይ የተሳሳተበትን መሸሸግ ተገቢ አይደለም። የልዩነት ብዛት የትውልድ ቦታ ምልክት ነው ብሎ ስላመነ፣ የፓስታ ስንዴና የገብስ መነሻ ኢትዮጵያ ትሆናለች ብሎ ገመተ። ሆኖም የስንዴ የዱር ዘመድ በአገራችን አለመኖሩን ራሱ አስተውሏል። ዛሬ ሁለቱም ከምዕራብ እስያ እንደ መጡ ተረጋግጧል፤ ልዩነቱ የተባዛው እዚህ ነው። ያባዛውም ደጋውና ቆላው ብቻ አይደለም፤ የገበሬው እጅም ነው። በቫቪሎቭ ድርሰቶች ውስጥ መልክዐ ምድሩ ሰፊ ቦታ ሲይዝ፣ ዘር መርጣ በጎታ የምታስቀምጠዋ ባልቴት የምትገባትን ያህል ቦታ አላገኘችም ብዬ አምናለሁ። ድብልቅ ዘር ለበሽታ ያለውን ትርጉም የምናውቅ እኛ ነን፤ ከአንዱ አገዳ የተነሣ የዋግ ብናኝ በማይስማማው ጎረቤት ላይ ሲያርፍ ይመክናል፣ ወረርሽኙም ይዘገያል።

የኢትዮጵያ ገብስ ዋጋ የታወቀው እርሱ ካለፈ በኋላ ነው። ቢጫ አቀንጭራ የሚባለውን የቫይረስ በሽታ የሚቋቋመው ዋይዲ2 የተባለው ጂን ከኢትዮጵያ ገብስ ተገኝቶ የካሊፎርኒያን ገብስ ታድጓል። በ1930ዎቹ መጨረሻ ጀርመኖች ከአገራችን ከወሰዱት ገብስ ደግሞ ዱቄት መሰሉን ሻጋታ የሚመክተው ኤምኤልኦ ተገኝቷል፤ በአውሮፓ ማሳ ለብዙ ዓመታት ጸንቶ ኖሯል።

በ1930 ሜክሲኮና ጓቲማላ ሄዶ የበቆሎን ነገር አጠና። ቴኦሲንቴ የተባለው የበቆሎ የዱር ዘመድ በዚያ ይበቅላል፤ ማዕከሉ ይህ እንደሆነም ለመደምደም አላመነታም። በዚህ ጉዳይ የኋላው ጥናት አጽንቶለታል። የፍለጋው ጥቅም ምን እንደሆነ በ1970 በአሜሪካ ታየ። አብዛኛው ድቅል በቆሎ አንድ ዓይነት ሳይቶፕላዝም ስለ ነበረው፣ የደቡብ ቅጠል አድርቅ የሚባለው ፈንገስ አዲስ ዘር አንድ በአንድ እየተመታ ከአገሪቱ ምርት 15 በመቶ ያህል ጠፋ። በ1979 ከሜክሲኮዋ ሃሊስኮ ለዓለም የታወቀው ቋሚ ቴኦሲንቴ በርካታ የበቆሎ ቫይረሶችን የሚቋቋም ሆኖ ተገኝቷል። በ2011 በኬንያ ተነሥቶ በ2014 በኢትዮጵያ የተረጋገጠው ገዳዩ የበቆሎ ቫይረስ በሽታ ያየው ባልደረባ፣ እንዲህ ያለው ዘመድ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ አይጠይቅም።

ሆኖም የመቋቋም ኃይል የቫቪሎቭ የመጀመሪያ መጽሐፍ እንዳሰበው የጸና አይደለም። አሜሪካዊው ኤልቪን ስታክማን የግንድ ዋግ በብዙ ዘሮች የተከፈለ መሆኑን አሳየ፤ ሃሮልድ ፍሎርም በተልባ ዋግ ላይ ባደረገው ጥናት ለእያንዳንዱ የሰብሉ ተከላካይ ጂን በፈንገሱ ዘንድ አቻ እንዳለው ገለጸ። ቫቪሎቭ በኋለኞቹ ጽሑፎቹ የዋግ ዘሮችን ጉዳይ ተቀብሎ፣ ብዙ በሽታን በአንድነት የሚቋቋሙትን እንደ ቲሞፌቭ ስንዴ ያሉትን እንዲመረጡ አሳሰበ። እኛም በ2010 ኩብሳ በቢጫ ዋግ፣ በ2013 እና በ2014 ደግሞ ዲጋሉ በግንድ ዋግ በአርሲና በባሌ ሲወድቅ ትምህርቱን በውድ ዋጋ ተምረናል።

ጥፋቱ የመጣው ከጊዜ ጥያቄ ነው። በ1931 የሶቪየት መንግሥት አዲስ ዝርያዎች በአራት ዓመት እንዲወጡ አዘዘ። የማዳቀል ሥራ ለሚያውቅ ሰው ይህ የማይቻል ነበር። ትሮፊም ሊሴንኮ ግን ዘርን በሙቀትና በቅዝቃዜ በማስተናገድ ጠባዩን መለወጥ ይቻላል ብሎ ቃል ገባ፤ ጂን የሚባለውንም ካደ። ቫቪሎቭ በመጀመሪያ ይህን ሰው አበረታትቶታል፤ ስንዴን በቅዝቃዜ የማስተናገድ ዘዴውን አወድሶለታል። የዋህነት ይሁን ፖለቲካ፣ ዋጋውን የከፈለው ግን ራሱ ነው። በ1935 ከእርሻ ሳይንስ አካዳሚ ፕሬዚዳንትነት ተነሣ፤ በ1938 ቦታውን ሊሴንኮ ያዘ። በ1939 በኤዲንብራ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የጄኔቲክስ ጉባኤ ፕሬዚዳንት አድርጎ ቢመርጠውም እንዲሄድ አልተፈቀደለትም። ክርክሩን ግን አላቆመም፤ ሐሳቡንም አልካደም።

በኦገስት 6 ቀን 1940 በምዕራብ ዩክሬን ዘር ሲሰበስብ ሳለ ከጓደኞቹ መካከል ተወሰደ። ጓደኞቹ የቀረውን ሻንጣውን ሲፈቱ፣ ቅርፊቱን የማይለቅ፣ ከእኛ አጃ ጋር የሚዛመድ ጥንታዊ ስንዴ እቅፍ አገኙ። ምርመራው ወራት ፈጀ፤ በጁላይ 1941 በሞት ተፈረደበት፤ ፍርዱ በ1942 ወደ ሃያ ዓመት እስራት ተለወጠ። በሳራቶቭ እስር ቤት፣ ወጣት መምህር ሆኖ ባስተማረባት ከተማ፣ በጃንዋሪ 26 ቀን 1943 በረኀብ ተዳክሞ ሞተ። የሥራ ባልደረቦቹ ካርፔቼንኮ በጥይት ተገደለ፤ ሌቪትስኪ እስር ቤት ሞተ።

በዚያው ጊዜ ሌኒንግራድ ተከባ ነበር። ወደ 250,000 የሚጠጋ የዘር ናሙና በተቋሙ ውስጥ ነበር፤ ሊበላ የሚችል ሩዝ፣ ስንዴ፣ በቆሎ፣ ለውዝ። የሩዝ ክምችት ጠባቂው ዲሚትሪ ኢቫኖቭና የለውዙ አሌክሳንደር ሹኪን ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር በዘር መካከል ሆነው በረኀብ ሞቱ፤ ክምችቱን አልነኩም። ተቋሙ በ1960ዎቹ በቫቪሎቭ ስም ተሰየመ።

ወንድሙ ሰርጌይ የታወቀ የፊዚክስ ሊቅ ነበር። በ1945 የሶቪየት ሳይንስ አካዳሚ ፕሬዚዳንት ተደርጎ ተመረጠ፤ ወንድሙን በገደለ መንግሥት ሥር ሹመቱን ይዞ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ ጃንዋሪ 1951 ድረስ ሠራ። በኒኮላይ ላይ የተፈረደው ፍርድ የተሻረው በ1955 ነው። መቃብሩ በሳራቶቭ ከብዙ እስረኞች ጋር በአንድነት ስለሆነ ትክክለኛ ቦታው አይታወቅም።