ሉዊ ፓስተር፦ መንታ ሞለኪውሎችን በወረንጦ የለየው ኬሚስት

ሉዊ ፓስተርን የሚያውቁት ምናልባት በእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ ይሆናል። ስሙን መጀመሪያ ያስጠራው ሥራ ግን ከውሻም ከጀርምም ጋር አይገናኝም። ከሐይቅ ወይም ከአምባሰል ልጅዎን ይዘው ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ከሚሰጥዎ የቢልሃርዚያ ክኒን ጋር ግን ይገናኛል።

ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1822 በፈረንሳይ ዶል ከተማ ከቆዳ ፋቂ አባት ተወለደ። ሙያው ኬሚስትሪ ነበር፤ ብዙ ሰው ሐኪም ይመስለዋል። በ1848 ገና በ25 ዓመቱ ከወይን ጠጅ ከሚገኝ አሲድ የተሠሩ የጨው ክሪስታሎችን አጉልቶ ሲመለከት ሁለት ዓይነት ሆነው አገኛቸው። እንደ ቀኝና ግራ እጅዎ ናቸው፤ ይመሳሰላሉ፣ የአንዱ ጓንት ግን ለሌላው አይሆንም። አንድ በአንድ በወረንጦ ለቅሞ ለያቸው። ለየብቻ በውሃ ሲያሟሟቸው አንደኛው ፖላራይዝድ ብርሃንን ወደ ቀኝ፣ ሌላው በዚያው መጠን ወደ ግራ አዞረ። አዛውንቱ ሳይንቲስት ባዮ በወሬ አላመነም፤ ሙከራውን ዓይኑ እያየ አስደገመው፣ አይቶም ተቀበለ።

ሰውነታችንም ቀኝና ግራ ይለያል። በሐይቅ ከተማ ተማሪዎች ላይ ቢልሃርዚያ እንዳለ በጥናት ታይቷል። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ሁለቱን መንታዎች እኩል ይይዛል። ትሉን የሚገድለው በዋናነት አንደኛው ነው፤ የሌላኛው ትርፉ በአብዛኛው ምሬት ነው። ስለዚህ ልጅዎ ክኒኑን ቢተፋ አይቆጡት። መዋጥ የሚችል ከሆነ ምግብ አብልተው፣ ሳያኝክ በውሃ እንዲውጠው ያድርጉ።

ዛሬ መንታዎቹን ለመለየት ወረንጦ አያስፈልግም። አንዱ ዘዴ ካፒላሪ ኤሌክትሮፎረሲስ ይባላል፦ መድኃኒቱ ቀዳዳው እንደ ፀጉር በቀጠነ ቱቦ ውስጥ፣ በሺዎች በሚቆጠር ቮልት ይነዳል። ፈሳሹ ውስጥ ከስታርች የሚሠራ ሳይክሎዴክስትሪን ይጨመራል። እሱም አንዱን መንታ ከሌላው ይልቅ አጥብቆ ስለሚይዝ ሁለቱ በተለያየ ሰዓት ይደርሳሉ። ፋብሪካዎች የመድኃኒትን ጥራት ከሚፈትሹባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው። ለሕፃናት ደግሞ የሚሠራውን መንታ ብቻ የያዘ አርፕራዚኳንቴል የተባለ መድኃኒት ተዘጋጅቷል።

ወደ ፓስተር ስንመለስ፣ ሁለት ሴት ልጆቹን ታይፎይድ ነጠቀው። በ1868 ስትሮክ መትቶት ግራ ጎኑ ሽባ ሆነ። የእብድ ውሻ ክትባቱ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በ1885 ውሻ የነከሰውን የ9 ዓመቱን ጆሴፍ ማይስተርን አስከተበ፤ እርሱ ሐኪም ስላልነበረ መርፌውን የወጋው ሌላ ሰው ነው። ልጁ ተረፈ። ፓስተር በ1895 አረፈ። አዲስ አበባ ጉለሌ የሚገኘውን የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ዛሬም ፓስተር እያሉ የሚጠሩት አሉ።