ሰዓሊው መርቆሬዎስና ደንበኞቹ

በዚህ እትም የማቀርብላችሁ የአንድ ሰዓሊ የሕይወት ታሪክ ነው። አገሩ ቬኒስ፣ ስሙ ኒኮሎ ብራንካሌዮን ሲሆን የእኛ ሰዎች መርቆሬዎስ ይሉት ነበር። ከሞተ አምስት መቶ ዓመት ገደማ ሆኖታል። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እሱን የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፈው ክረምት ለኪስ የምትሆን ሳንቲም ላገኝ ብዬ አንድ ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ ፈረሰኛ ልስል ተዋዋልኩ። ለአገው ልጅ ፈረስ መሳል ምን ያቅተዋል? ፈረሱንም ሰውየውንም ከጎን አድርጌ ሳልኩት። ባለቤቱ መጥቶ ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። ለካስ ፈረሰኛው በአንድ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው! በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ደግሞ በጎ ሰው በሁለት ዓይኑ፣ ክፉ ሰው በአንድ ዓይኑ እንደሚሳል የታወቀ ነው። እኔም ይህን ደንብ አውቀዋለሁ፤ ግን የሻይ ቤት ግድግዳንም ይመለከታል ብዬ አላሰብኩም። ከተስማማንበት ግማሹን ሰጥቶ አሰናበተኝ። ክረምቱን ሙሉ እንደተናደድኩ ከረምኩ። ኋላ የመርቆሬዎስን ታሪክ ሳነብ ነው ትንሽ ቀለል ያለኝ።

ብራንካሌዮን ወደ አገራችን የመጣው በ1480 ገደማ፣ ገና የሃያ ዓመት ያህል ወጣት ሳለ ነው። ዙፋኑ ላይ የነበሩት ዓፄ እስክንድር ናቸው። ከሳቸው በኋላ ለዓፄ ናዖድ፣ ቀጥሎም ለዓፄ ልብነ ድንግል ሠርቷል። ሲመጣ አገሩ ሰዓሊ አጥቶ አልነበረም። በዓፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን (1434–1468) የነበረው ፍሬ ጽዮን የሳለው የእመቤታችን ሥዕል ዛሬም በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ ይገኛል። ስለዚህ ፈረንጁ የሚሠራው ሥዕል የለመደ ዓይን ባለው ሰው ፊት ነው የሚቀርበው። አስቸጋሪ ደንበኛ ማለት እንዲህ ያለው ነው፤ ምን እንደሚፈልግ አስቀድሞ ያውቃል።

ከሁሉም የሚነገርለት በአትሮንሰ ማርያም ቤተ ክርስቲያን የደረሰበት ነው። እመቤታችንን ልጇን እንደታቀፈች ሳለ። ሕፃኑን ያሳቀፋት ግን በግራ ክንዷ ነበር። በአገሩ ይህ ምንም ነውር የለበትም። እኛ ዘንድ ግን ግራ እጅ ምን እንደሆነ አንባቢ ያውቃል፤ በግራ እጁ እንጀራ የሚያጎርስ፣ በግራው ሰላም የሚል ሰው ማን ይወዳል? ጌታን በግራ ማሳቀፍ ንቀት ነው ተባለ፤ ሕዝቡ ተቆጣ፣ ሥዕሉ ይጥፋ የሚል ሁከት ተነሣ። ንጉሡ ግን ሥዕሉን ወደውት ኖሮ አይጠፋም ብለው አስቀሩት። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ሰዓሊው ሁለት ደንበኛ ነበረው ማለት ነው፣ ከፋዩና ተመልካቹ። ከፋዩ ቢወድለትም ተመልካቹ አልወደደለትም።

ይህን ታሪክ የጻፈው በ1770 በአገው ምድር አልፎ ከእኛ ከእንጅባራ እምብዛም የማይርቀውን ግሽ ዓባይን ያየው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ነው። ብሩስ ነገሩን በዓፄ በእደ ማርያም ዘመን ያደርገዋል፤ ዳሩ ግን እኒህ ንጉሥ በ1478 ስለሞቱ ሰዓሊው ከመጣበት ዘመን ጋር አይገጥምም። ከሦስት መቶ ዓመት ያህል በኋላ ሲጻፍ ዘመን መሳሳቱ አያስደንቅም።

ታዲያ ሰውየው ካልተስማማው ለምን ጥሎ አይሄድም? አይቻልማ! በዚያን ጊዜ ሙያ ያለው ፈረንጅ ቤተ መንግሥት ከገባ መውጫ የለውም። ፖርቱጋላዊው ፔሮ ዳ ኮቪልያ በመልእክተኛነት መጥቶ ርስትና ሚስት ተሰጥቶት እዚሁ ቀርቷል። በ1520 የፖርቱጋል መልእክተኞች ሲመጡ አብሯቸው የነበረው ቄስ አልቫሬዝ ብራንካሌዮንንም አግኝቶታል። አርጅቷል፤ ቋንቋችንን አሳምሮ ይናገራል፤ የተከበረ ጌታም ሆኗል። አልቫሬዝ ግን ሰዓሊ ሆኖ ሳለ እንዲህ መከበሩ ገርሞታል። (የእጅ ሙያን መናቅ የእኛ ብቻ አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን።) መልእክተኞቹ በ1526 ሲመለሱም ዓፄ ልብነ ድንግል ላዛሮ ደ አንድራዴ የሚባል ሰዓሊያቸውን አስቀሩት። ሽማግሌው በስተርጅና ተፎካካሪ መጣበት ማለት ነው።

መርቆሬዎስ በአንዳንድ ሥራዎቹ ላይ ስሙን ጽፏል። በዚያ ዘመን የእኛ ሰዓሊዎች ሥራው ለእግዚአብሔር ነው ብለው ስማቸውን እምብዛም አይጽፉም ነበር። በእንጨት ላይ የሳላቸው ሥዕሎቹ የታወቁት በዚህ የተነሣ ነው። በእኛ በጎጃምም የወፋ ኢየሱስ ስም ከእሱ ሥራ ጋር አብሮ ይነሣል። ብዙው ግን በግራኝ ጦርነት ከተቃጠሉት አብያተ ክርስቲያናት ጋር ሳይጠፋ አልቀረም።

የግራ ክንዱ ነገርስ? በ17ኛው መቶ ዘመን ሮም ካለች የታወቀች የእመቤታችን ሥዕል ቅጂ ወደ አገራችን ገባ። በእሷም ሕፃኑ በግራ ክንድ ነው የታቀፈው። ሰዓሊዎቻችን ያንን እየገለበጡ በየቤተ ክርስቲያኑ ሳሉት። ዛሬ ማንም አይቆጣም፤ ልብ የሚለውም ጥቂት ነው። የሚጠራጠር ካለ እናቱ ቤት ግድግዳ ላይ ያለውን ሥዕል ሄዶ ይመልከት።