የቃቄ ወርድወት፦ ተደራጊ ባለታሪክና የማዕረግ ግንኙነት ለአኒሜሽን ፊልም

የቃቄ ወርድወት በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሰባት ቤት ጉራጌ የኖረችና የሴቶችን የጋብቻ መብት በየጆካ ሸንጎ ፊት ያነሣች ሴት ናት። በእንዳለጌታ ከበደ «እምቢታ» ልብ ወለድና በጫንያለው ወልደ ጊዮርጊስ ተውኔት ሰፊ ዕውቅና አግኝታለች። ሕይወቷን ወደ አኒሜሽን ለማምጣት የሚነሣ ባለሙያ ግን ከጀግንነቷ በፊት የነበረውን ዘመን በጥንቃቄ ማጤን ይኖርበታል።

በዘመኑ ልማድ ልጃገረድን የሚድራት ቤተሰቧ ነው። ባል ሚስቱን መፍታትም ሆነ ሌላ ሚስት መደረብ ይችላል። ሚስት ግን ከትዳሯ ብትወጣ እንኳ በአንቂት ትታሰራለች፤ የቀድሞ ባሏ ሳያሰናብታት ሌላ ብታገባ ክፉ ይደርስባታል ተብሎ ይታመን ነበርና። ወርድወትም ያደገችው በዚህ ሥርዓት ውስጥ ነው። በድርሰት ሙያ አነጋገር የሕይወቷ የመጀመሪያ ክፍል የተደራጊ ነው፤ ውሳኔው ሁሉ የሌሎች ነው።

የፊልም መምህራን ተደራጊ ባለታሪክን እንደ ጉድለት ይቆጥራሉ። በዚህ ታሪክ ግን ዝምታው የባሕርይ ድክመት ሳይሆን የሕግ ውጤት ነው። ወርድወት ከመጀመሪያው ትዕይንት ጀምራ ደፋር ከሆነች ተመልካቹ ምን እንደ ሰበረች አያይም፤ የዛሬ ሴት የጥንት ልብስ ለብሳ የቀረበች ትመስላለች።

ማዕረግ ደግሞ ያለ ቃል ሊሣል የሚችል ነገር ነው። ቤቶች በግራና በቀኝ ተሰልፈው የሚታዩበት ሰፊው ጀፎሮ ማን መሐል ለመሐል፣ ማን ዳር ዳሩን እንደሚሄድ ያሳያል። የእንሰት ፋቂዋ ጎንበስ ማለትና የተቀማጩ ሽማግሌ ቀና ማለት አንድ ገጽ ንግግር ይተካሉ። ሆኖም ማዕረግ እንደ ሁኔታው ይለዋወጣል። በባሏ ፊት ዝቅ ያለችው ሴት በታናሽ ጣውንቷ ፊት ከፍ ትላለች። የወርድወት ከባዱ ሥራም ሽማግሌዎችን ከመሞገት በፊት፣ እርስ በርስ በማዕረግ የተለያዩትን ሴቶች በአንድ ጉዳይ ማቆም ነበር። ትውፊቱ ሴቶችን አስተባብራ ወደ ሸንጎው እንደ ሄደች ይተርካል። ይህ ክፍል በፊልሙ ውስጥ ሰፊውን ጊዜ ሊያገኝ ይገባዋል።

ሽማግሌዎቹን ክፉ አድርጎ መሣልም ቀላል ስሕተት ነው። የጆካ የደም ጉዳይ ሳይቀር ዳኝቶ የሚያስታርቅ ሸንጎ ነበር፤ ጥያቄዋ የከበዳቸውም የሚጠብቁት ሥርዓት ስለ ተነካ ነው። በስፋት በሚነገረው ትረካ መሠረት ለራሷ መፍትሔ ሲሰጧት ለሴቶች ሁሉ ግን ልማዱን አላነሡም። አንቂት ከእርሷ በኋላም ለረጅም ዘመን ዘልቋል።

ስለዚህ የድል መዝጊያ ታሪኩን ያዛባዋል። ወልቂጤ አካባቢ ላለ ተመልካች የጆካ ማብራሪያ አያሻውም፤ ለቡታጅራውና የራሱን ሸንጎ ለሚያውቀው የክስታኔ ተመልካች ግን ሸንጎው በሥዕል መተዋወቅ አለበት። የመጨረሻው ትዕይንት ወርድወት ነጻ ሆና በጀፎሮው መሐል ስትሄድ፣ አብረዋት የመጡት ሴቶች ደግሞ ወደየባሎቻቸው ቤት ሲመለሱ ቢያሳይ ለትውፊቱ የቀረበ ይሆናል።