ሲሴሮና አድማጮቹ

ማርኩስ ቱሊዩስ ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ106 ዓመት፣ ከሮማ በስተ ደቡብ ምሥራቅ በምትገኘው አርፒኑም በተባለች ትንሽ ከተማ ተወለደ። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ ከክርስቶስ ልደት በፊት ያሉ ናቸው።) ቤተሰቡ ሀብት እንጂ ሹመት አልነበረውም፤ ከቀደምቶቹ መካከል በሮማ ከፍተኛ ሥልጣን የያዘ አንድም ሰው አልነበረም። ስለዚህ በዘር ያላገኘውን ስፍራ በአንደበቱ ማግኘት ነበረበት።

በ80 ዓመት፣ የ26 ዓመት ወጣት ሳለ፣ አባቱን ገድሏል ተብሎ ለተከሰሰው ለሴክስቱስ ሮስኪዩስ ጠበቃ ሆኖ ቆመ። የሟቹን ርስት በርካሽ የገዛው ክሪሶጎኑስ፣ በዚያ ዘመን ሮማን በመዳፉ ይዞ የነበረው የሱላ ባለሟል ስለ ነበረ፣ ስመ ጥር ተናጋሪዎች ነገሩን ሸሽተውት ነበር። ሲሴሮ ዳኞቹ የሚፈሩትን አስቀድሞ አሰበ። ሱላን አልነካም፤ እንዲያውም በመንግሥት ሥራ ብዛት ተይዞ የባለሟሉን በደል ያላየ አድርጎ አቀረበው። በዚህም ዳኞቹ ኃያሉን ሳያስቀይሙ በነጻ የሚያሰናብቱበትን በር ከፈተላቸው፤ ሮስኪዩስም ነጻ ወጣ።

በ55 ዓመት ስለ ተናጋሪ በጻፈው መጽሐፍ፣ በአንቶኒዩስ አፍ ያስቀመጠው የዝግጅት ዘዴ ለሙያችን ዛሬም እንግዳ አይደለም። ጠበቃው ደንበኛውን ለብቻው ያነጋግራል፤ ሌላ ሰው ካለ አንደበቱ ይታሰራልና። ቀጥሎም የባላጋራውን ወገን ይዞ ይሟገተዋል፤ ይህም ደንበኛው ተነሣሥቶ በሆዱ ያለውን ሁሉ እንዲያወጣ ነው። ደንበኛው ከሄደ በኋላ፣ ጠበቃው አንድ ጊዜ እንደ ራሱ፣ አንድ ጊዜ እንደ ባላጋራው፣ አንድ ጊዜም እንደ ዳኛው ሆኖ ነገሩን ይመረምራል። ከሦስቱ ወንበሮች ብዙዎቻችን ሳንቀመጥበት የምናልፈው የመጨረሻው ነው።

በ70 ዓመት የሲሲልያ ገዥ የነበረውን ቬሬስን በዘረፋ ሲከስ በዚያ ወንበር ላይ በደንብ ተቀምጦ ነበር። ማስረጃ እንዲሰበስብ 110 ቀን ተሰጥቶት፣ ደሴቲቱን ዞሮ በ50 ቀን ጨረሰ። ተከላካዮቹ ነገሩ በበዓላት ምክንያት እየተጓተተ ወደሚቀጥለው ዓመት እንዲተላለፍ ይሹ ነበር፤ ያን ጊዜ የቬሬስ ጠበቃ ሆርቴንሲዩስ ኮንሱል ይሆናል፣ ችሎቱንም ወዳጃቸው ይመራዋል። ሲሴሮ በወጉ መሠረት ሊያሰማ የሚገባውን ረጅም ንግግር ተወውና አጭር ቃል ብቻ አሰማ። ዳኞቹ ሁሉ የሴኔት አባላት ነበሩ፤ ሕዝቡም የዳኝነቱ ሥልጣን ከእነርሱ እንዲወሰድ ያጉረመርም ነበር። ስለዚህ በዚህ ችሎት የሚመረመረው የቬሬስ ሌብነት ብቻ ሳይሆን የእነርሱም ስም መሆኑን አስታወሳቸው፤ ወዲያውም ምስክሮቹን ማሰማት ጀመረ። ቬሬስ ፍርዱን ሳይጠብቅ ተሰደደ። ሲሴሮ ሊናገረው ይችል የነበረውን በአምስት መጽሐፍ ጽፎ አሰራጨው። ተናጋሪ ሆኖ ለመናገር የተሰጠውን ጊዜ በፈቃዱ የሚተው ሰው ብዙ አይገኝም።

በ63 ዓመት ኮንሱል በሆነበት በመጀመሪያው ቀን የሩሉስን የሕግ ረቂቅ በሴኔት ፊት ተቃወመ። ረቂቁ ለድሆች መሬት ለማደል፣ አሥር ሹማምንት ለአምስት ዓመት ሰፊ ሥልጣን እንዲይዙ የሚያዝ ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ ያንኑ ረቂቅ በሕዝቡ ፊት ተቃወመ። ሁለቱን ንግግሮች ጎን ለጎን ላነበበ ሰው የአንድ አፍ ሥራ አይመስሉም። በሴኔት ስለ መንግሥቱ ገቢና ስለ ሸንጎው ክብር ተናገረ። ሕዝቡ ፊት ሲቆም ግን ራሱን የሕዝብ ኮንሱል ብሎ ጠራ፤ ስለ መሬት ጉዳይ የሞቱትን የግራኩስ ወንድማማቾች አመሰገነ፤ አሥሩን ሹማምንት የሮማ ሰው በሚጠላው የንጉሥ ስም አስፈራራባቸው፤ የከተማውን ጨዋታና በዓል ትቶ ወደ ደረቅ ምድርና ወደ በሽታ ረግረግ መሄድ ምን ይጠቅማል የሚል ሐሳብም አስገባባቸው። ረቂቁ ሕግ ሳይሆን ቀረ። ይህን ድል በአድናቆት ብቻ ለማንበብ አልቻልሁም። ረቂቁ እንከን አልነበረበትም ማለት አይደለም፤ ነገር ግን መሬት የሌለውን ሰው መሬት እንዳይሻ ያሳመነው፣ የዚያን ሰው ምኞትና ፍርሃት አጥንቶ ነው።

በ52 ዓመት ግን ጥናቱ አልጠቀመውም። ክሎዲዩስን በመግደል ለተከሰሰው ለሚሎ ሲቆም፣ ፎረሙ በፖምፔዩስ ወታደሮች ተከቦ፣ የሟቹም ወገኖች ይጮኹ ነበር። ለመከላከያ የተፈቀደለት ሦስት ሰዓት ሆኖ ሳለ ድምፁ ከዳው። ከ51 ዳኞች 38ቱ በሚሎ ላይ ፈረዱ። በኋላ አሳምሮ የጻፈው ንግግር በማሲልያ በስደት ለነበረው ለሚሎ ደረሰው፤ እርሱም ይህ በችሎት ተነግሮ ቢሆን ኖሮ የማሲልያን ጥሩ ዓሣ ባልቀመስሁ ነበር ብሎ ቀለደ ይባላል።

ከዩልዩስ ቄሳር ሞት በኋላ በአንቶኒዩስ (ይህ ከላይ የተጠቀሰው ተናጋሪ የልጅ ልጅ ነው) ላይ 14 ንግግሮች አዘጋጀ። በታኅሣሥ 43 ዓመት በፎርሚያይ አጠገብ ሲሸሽ ተይዞ ተገደለ። ራሱና እጁ ወደ ሮማ ተወስደው፣ ሕዝቡን ሲያነጋግርበት በኖረው መድረክ ላይ ተሰቀሉ።