ስሙን ናፍጣ የዋጠው ሰው

ከደባርቅ ወደ ዛሪማ የሚወርደውን የሊማሊሞን ጠመዝማዛ የሄደበት ሰው፣ የከባድ መኪና ሞተር ዳገት ላይ ሲያቃስት ሰምቷል። በብዙ አገር የዚያ ሞተር ስምና የነዳጁ ስም አንድ ነው፤ ዲዝል። እኛ ነዳጁን ናፍጣ ስለምንለው ሰውዬው ተረሳ። አዎ፣ ዲዝል የሰው ስም ነው። ሩዶልፍ ዲዝል ይባላል። የዛሬው ጽሑፌ ስለ እሱ ነው፤ በተለይ ደግሞ ሞተር ከፍተው ጉልበት ለመጨመር ለሚያስቡ የዳባትና የደባርቅ ልጆች ይሁንልኝ።

ዲዝል እ.ኤ.አ. ማርች 18 ቀን 1858 ፓሪስ ውስጥ ከጀርመን ወላጆች ተወለደ። አባቱ ቆዳ ሠሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1870 ፈረንሳይና ጀርመን ሲዋጉ ቤተሰቡ ተባርሮ ለንደን ገባ። የ12 ዓመቱ ልጅ ግን አውግስቡርግ ወዳሉ ዘመዶቹ ተላከ። እዚያ ጎበዝ ተማሪ ሆነ። ቀጥሎ ሙኒክ ገብቶ የማቀዝቀዣ ማሽን ሊቅ ከሆነው ከካርል ፎን ሊንደ ተማረ። በዚያን ጊዜ ዓለምን ያንቀሳቅስ የነበረው የእንፋሎት ሞተር፣ ከሚበላው ሙቀት ውስጥ ወደ ሥራ የሚቀይረው ከአንድ አሥረኛ የማይበልጠውን ነበር። እኔ ያጠናሁት ኢኮኖሚክስ ነውና በብር ልቁጠረው፦ ከአሥር ብር ዘጠኙ ወደ ጭስ ማውጫ ይሄድ ነበር ማለት ነው። ይህ ብክነት ዲዝልን ዕድሜ ልኩን አልለቀቀውም።

ሐሳቡ ቀላል ነበር። አየር በኃይል ከታመቀ ይግላል። በደንብ ካመቅከው ነዳጁ ያለ ክብሪት፣ ያለ ካንዴላ በራሱ ይቀጣጠላል። እ.ኤ.አ. በ1892 የፈጠራ መብት ጠየቀ። ወረቀት ላይ ግን የተመኘው ግፊት በዘመኑ ከነበረው ብረት አቅም በላይ ነበርና መቀነስ ግድ ሆነበት።

የመጀመሪያው የሙከራ ሞተር አውግስቡርግ ውስጥ ተሠራ። የሲሊንደሩ ስፋት 150 ሚሊሜትር፣ የፒስተኑ ምት 400 ሚሊሜትር ነበር። እ.ኤ.አ. ኦገስት 10 ቀን 1893 ሲሞከር የግፊት መለኪያው ፈነዳ፤ ሰው ግን ተረፈ። እንደገና ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1894 ለአንድ ደቂቃ፣ 88 ዙር ብቻ በራሱ ዞረ። ቀጥሎ የመጣው ሞተር ስፋቱ 220 ሆነ። ሦስተኛው፣ የ1897ቱ፣ 250 ሆነ። የሦስቱም ምት ያው 400 ነው። አንዱን መጠን ይዞ ሌላውን ከእሱ ጋር እያስማማ አራት ዓመት ለፋ። ውጤቱ ምን ሆነ? ሦስተኛው ሞተር ወደ 20 የፈረስ ጉልበት አወጣ፤ ከነዳጁ ሙቀት ውስጥም 26 በመቶውን ወደ ሥራ ቀየረ።

እዚህ ጋ ትንሽ ቆም እንበል፤ ዛሬም ጋራዥ ውስጥ ገንዘብ የሚበላው ይኸው የማስማማት ጉዳይ ነው። ለሞተር ጉልበት ከሚጨመርባቸው መንገዶች አንዱ ምቱን ማርዘም ነው። ምት ማለት ፒስተኑ ከታች እስከ ላይ የሚሄደው ርቀት ነው፤ የሚወስነውም ክራንክ ሻፍቱ ነው። ምቱ 100 ሚሊሜትር ለሆነ ሞተር ወደ 110 የሚያሳድግ ክራንክ ገጠማችሁ እንበል። ፒስተኑ ላይ 5 ሚሊሜትር ከፍ፣ ታች 5 ሚሊሜትር ዝቅ ይላል። በናፍጣ ሞተር ውስጥ ፒስተኑ ላይ ሲደርስ ከቴስታታው የሚለየው ክፍተት ብዙ ጊዜ አንድ ሚሊሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ዙር ይጋጫል፤ ሞተሩም አለቀለት።

መፍትሔው ወይ በ5 ሚሊሜትር ያጠረ ቢዬላ፣ ወይ የፒኑ ቀዳዳ በ5 ሚሊሜትር ከፍ ያለ ፒስተን ነው። ሁለቱም ዋጋ አላቸው። ቢዬላው ሲያጥር ወደ ጎን ይበልጥ ያጋድልና ፒስተኑን ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር ያፋትገዋል። ፒኑ ከፍ ሲል ደግሞ ለሪንጎቹ የሚቀረው ቦታ ይጠባል። ታች በኩል የፒስተኑ ቀሚስ የክራንኩን ማመጣጠኛ ክብደት እንዳይነካ መለካት አለበት።

ገና አላለቀም። የማመቂያው ቦታ ሳይነካ ምቱ ብቻ ከረዘመ፣ 18 ለ 1 የነበረው የመታመቅ መጠን ወደ 19.7 ይወጣል። ያ ጭነት ጓርኒሲዮኑና የቴስታታው ብሎኖች ላይ ያርፋል። በደቂቃ 3,000 ዙር ላይ በሰከንድ 10 ሜትር የነበረው የፒስተኑ አማካይ ፍጥነትም 11 ይሆናል። የተጨመረው አየር የሚፈልገውን ነዳጅ ፖምፑ ማድረስ አለበት።

አየሩም ራሱ እንደ አንድ ዕቃ ይቆጠራል። ደባርቅ ከባህር ወለል 2,850 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ከተማ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በ30 በመቶ ያህል ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ የሚስበው አየር ሳስቶበት ነው። ቆላ ላይ በትክክል የተለካ ነዳጅ ደጋ ላይ ሲበዛበት ጥቁር ጭስ ይሆናል።

በኢኮኖሚክስ ክፍል የግራና የቀኝ ጫማ ምሳሌ አለ። አሥር የግራና አንድ የቀኝ ጫማ ያለው ሰው፣ ያለው አንድ ጥንድ ብቻ ነው። ሌላ ሞተር ውስጥ በነበረ ቢዬላና ልኩ ባልታወቀ ፒስተን የታጀበ ውድ ክራንክም ዘጠኙን ትርፍ የግራ ጫማ ማለት ነው።

ወደ ዲዝል ልመለስ። ከ1897 በኋላ ገንዘብ ጎረፈለት። አዶልፈስ ቡሽ የተባለው የአሜሪካ ቢራ ጠማቂ ለአገሩ መብት አንድ ሚሊዮን ማርክ ከፈለው። ግን ሙከራ ቤት ውስጥ በባለሙያ እጅ የሠራው ሞተር ደንበኛ ጋ ሲሄድ ይቆም ጀመር። አውግስቡርግ የተቋቋመው በስሙ የሚጠራ ፋብሪካ ሳይሳካለት ቀረ። የባለቤትነት ክርክሩም አደከመው፤ ታሞ ሕክምና ገባ። ሙኒክ ውስጥ ትልቅ ቤት ሠራ፤ ያገኘውን ገንዘብ መሬትና ሌላ ንግድ ላይ አውጥቶ ከሰረ። የሞተሩን እያንዳንዱን ልክ ያስማማ ሰው፣ ገቢውንና ወጪውን ማስማማት አቃተው።

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 29 ቀን 1913 ከአንትወርፕ ወደ እንግሊዝ በሚሄድ ድሬስደን በተባለ መርከብ ተሳፈረ። ራት በልቶ ወደ ክፍሉ ገባ፤ ጠዋት የለም። ከቀናት በኋላ ባህሩ ላይ አስከሬን ተገኘ፤ ከኪሱ የወጡት ዕቃዎች የእሱ መሆናቸውን ልጁ አረጋገጠ። ራሱን ገደለ የሚሉ አሉ፣ ተገደለ የሚሉም አሉ። ዕድሜው 55 ነበር።

የእሱ ሞተር ከባድ መኪና ላይ ሲወጣ አላየም። የመጀመሪያዎቹ የናፍጣ ካሚዮኖች በጀርመን የታዩት በ1924 ነው። በ1930ዎቹ ጣሊያን ሲወረን የናፍጣ ካሚዮኖቹን ይዞ መጣ፤ ከጎንደር በዳባትና በደባርቅ አድርጎ ሊማሊሞን የሚወርደውን መንገድ ጠረበ። ካሚዮኖቹ አለቁ፤ ጋራዡ ውስጥ ግን ቢዬላና ቴስታታ የሚሉት ቃላት ቀሩ።

ለወጣት መካኒክ ከዚህ ሕይወት የምወስድለት አንድ ነገር ነው። ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ልኩን ጻፉ፦ ምቱን፣ የቢዬላውን ርዝመት፣ ከፒኑ እስከ ፒስተኑ አናት ያለውን ከፍታ፣ የጓርኒሲዮኑን ውፍረት። የምቱን ግማሽ፣ የቢዬላውን ርዝመትና የፒስተኑን ከፍታ ደምሩ፤ ድምሩ ከብሎኩ ከፍታና ከጓርኒሲዮኑ ውፍረት ጋር ካልገጠመ ብሩን ኪሳችሁ ውስጥ አቆዩት። ደብተርና ካሊፐር ከአንድ ክራንክ በጣም ይረክሳሉ። ገደል ዳር የተሰበረ ሞተር ደግሞ የሚያስከፍለው ባለንብረቱን ብቻ አይደለም፤ ጭነቱ ላይ የተቀመጠውንም ሰው ነው።